ሥራ ያጣው መምህር፦ አልበርት አይንሽታይን

አይንሽታይን ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ፀጉሩ የተንጨባረረ ሽማግሌ ሳይንቲስት ነው። በወጣትነቱ ግን እንደ እኛው ለመምህርነት ሠልጥኖ ነበር። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አይንሽታይን በ1879 በጀርመን አገር ኡልም በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1900 ስዊዘርላንድ ውስጥ ከዙሪክ ፖሊቴክኒክ በሒሳብና በፊዚክስ መምህርነት ተመረቀ። ምን ዋጋ አለው፣ ቋሚ ሥራ የሚሰጠው አጣ! ጥቂት ወራት በምትክ መምህርነት አስተማረ፤ ቀጥሎም በግል ሲያስጠና ቆየ። በ1902 በበርን ከተማ የፈጠራ ሥራዎችን በሚመረምር መሥሪያ ቤት ተቀጠረ።

ታዲያ ቢሮ ገባሁ ብሎ ማሰቡን አልተወም። በ1905 የአንጻራዊነትን ንድፈ ሐሳብ አወጣ። በ1907 ደግሞ የመሬት ስበት ጊዜን እንደሚነካ ደረሰበት። ዝቅ ያለ ቦታ ያለ ሰዓት ይዘገያል፤ ከፍ ያለው ይቀድማል። ይህም ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም፣ የሚለያየው ጊዜው ራሱ ነው እንጂ። ለምሳሌ ከጋይንትም ከእስቴም ከሚታየው ከጉና ተራራ ጫፍ ላይ አንድ ሰዓት፣ ከጣና ዳር ደግሞ አንድ እናስቀምጥ። አንድ ሴኮንድ ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል፣ የጉናው በዓመት የሚቀድመው ስምንቱን ክፋይ ያህል ብቻ ነው። ይህን በእጅ ሰዓት ማን ሊያየው!

አይንሽታይን ንድፈ ሐሳቡን በ1915 አሟላ። የ1921ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን በተለይ ስለ ብርሃን ባደረገው ጥናት ነበር። አይሁዳዊ ስለነበረ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 አገሩን ትቶ አሜሪካ ገባ። በ1955 ሲሞት፣ ይህ የጊዜ ልዩነት ገና በሰዓት አልተለካም ነበር።

በ1971 የአቶም ሰዓቶች በአውሮፕላን ተጭነው ዓለምን ዞሩ፤ ልዩነቱም እሱ እንዳለው ሆኖ ተገኘ። በ2010 አሜሪካ ውስጥ አንዱ ሰዓት ከሌላው 33 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ተደርጎ ልዩነቱ ታየ። አሁንማ ነገሩ ተገልብጧል፦ ሁለት ሰዓቶችን በማወዳደር የቦታ ከፍታና የስበት ልዩነት ይለካል።

እንግዲህ ነገ ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት ብንመደብ፣ የሰዓቱ ጥያቄ በወረቀትና በእርሳስ እንደተጀመረ እናስታውስ። ተማሪ የማንመልሰውን ሲጠይቀንም ዝም አናሰኘው። መልሱ ከጠያቂው ዕድሜ በኋላ ሊመጣ ይችላል።