በርንሃርድ ባንግ እና ያልለየለት የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ

የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሁልጊዜ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት የቆዳ ምርመራ ሁለት ዓይነት ቱበርኩሊን፣ አንዱ ከወፍ ሌላው ከከብት ባክቴሪያ የተዘጋጀ፣ በላሟ አንገት ቆዳ ውስጥ ጎን ለጎን ይወጋል፤ ከ72 ሰዓት በኋላም የቆዳው ውፍረት ምን ያህል እንደ ጨመረ በሚሊሜትር ይለካል። በተለመደው አነባበብ የከብቱ እብጠት ከወፉ ከ4 ሚሊሜትር በላይ ከበለጠ ላሟ በበሽታው እንደ ተያዘች ይቆጠራል። ልዩነቱ ከ1 እስከ 4 ሚሊሜትር ሲሆን ግን ውጤቱ አሻሚ ይባላል። ሐኪሙ ያንን ቁጥር በመዝገብ ላይ ሲያሰፍር ባለቤቱ የሚጠይቀው ስለ ሚሊሜትር አይደለም፤ ላሚቱን ምን ላድርጋት ነው የሚለው። ትታለብ? ትሸጥ? ትታረድ? ወይስ ወደ ጋጣዋ ትመለስ? ይህ ጥያቄ ከቆዳው ምርመራ በፊት የነበረ ሲሆን፣ በሥርዓት ካሰቡበትና መልስ ከሞከሩለት ሰዎች ግንባር ቀደሙ የዴንማርኩ የእንስሳት ሐኪም በርንሃርድ ላውሪትስ ፍሬደሪክ ባንግ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባንግ በ1848 በዴንማርክ ሲየላንድ ደሴት፣ በሶሮ ከተማ ተወለዱ። በመጀመሪያ የተማሩት የሰው ሕክምናን ነው፤ በ1872 በኮፐንሃገን ትምህርታቸውን ፈጽመው ብዙም ሳይቆዩ የእንስሳት ሕክምናን ጨመሩበት። በ1880 በሳንባ ደም ሥር ውስጥ ስለሚፈጠር የደም መርጋት ባቀረቡት ጥናት የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ። ከዚያ ወዲህ የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በኮፐንሃገን የንጉሣዊ የእንስሳት ሕክምናና የእርሻ ኮሌጅ በመምህርነትና በተመራማሪነት ነበር። ሁለቱን ሙያዎች መያዛቸው እንደ ተራ የሕይወት ታሪክ ዝርዝር መታለፍ ያለበት አይመስለኝም። በላም ግት ውስጥ ያለውን ቁስልና በሕፃን አንገት ላይ ያለውን እባጭ በአንድ ዓይን ማየት የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የኖሩበትን ዘመን ሳያውቁ ሥራቸውን መረዳት ያስቸግራል። በ1870ዎቹ ርካሽ እህል ከአሜሪካና ከሩስያ ወደ አውሮፓ ሲጎርፍ የዴንማርክ ገበሬ ከእህል ወደ ወተት ዞረ። በ1882 በዩትላንድ፣ በየዲንግ መንደር የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ቅቤ ቤት ተከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ተመሳሳይ ማኅበራት አገሪቱን አዳረሱ። አሠራሩ ቀላል ነበር። የብዙ ገበሬዎች ወተት በአንድ ማጠራቀሚያ ይደባለቃል፤ ቅባቱ በመለያ መኪና ይወጣል፤ ቅቤው ወደ እንግሊዝ ይላካል፤ ቅባቱ የወጣለት ወተትና አሬራው ለየገበሬው እንደ ድርሻው ተመልሶ ጥጃና አሳማ ይቀለብበታል። ሀብትን ያሠራጨው ይኸው ስልት በሽታንም አሠራጨ። በአንድ በረት ያለች አንዲት ግቷ የታመመ ላም ወተቷ ከሌሎቹ ጋር ስለሚቀላቀል፣ ባክቴሪያው በማግሥቱ በአካባቢው ባሉ ጥጆች ሁሉ ሆድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከዚያ ቀደም በሽታው የሚዛመተው ከብት ከብትን ሲጎራበት ነበር፤ አሁን ግን ተገናኝተው የማያውቁ መንጋዎች በወተት ጋን ተገናኙ።

ባንግ በ1880ዎቹ ያተኮሩት በዚሁ በግት ነቀርሳ ላይ ነው። የታመመ ግት ወተት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ለዓይን ጤናማ ሊመስል እንደሚችል አጥንተዋል። ዓይንና እጅ የማይደርሱበትን የሚያሳይ መሣሪያ ግን ገና አልነበረም።

መሣሪያው የመጣው ከከሸፈ ተስፋ ነው። በ1882 የነቀርሳን ባክቴሪያ ያገኙት ሮበርት ኮህ በ1890 በበርሊን ቱበርኩሊን የተባለውን ፈሳሽ ለበሽታው ፈውስ አድርገው አስተዋወቁ። ሕሙማን ወደ በርሊን ጎረፉ፤ መድኃኒቱ ግን አልፈወሰም። የእንስሳት ሐኪሞች ሌላ ነገር አስተዋሉ፤ ፈሳሹ ከቆዳ ሥር ሲወጋ የታመመችው ላም ሙቀት በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፣ ጤናማዋ ግን ያው ነች። ስለዚህ ቴርሞሜትር ይዞ ጋጣ ውስጥ ማደር የዘመኑ ምርመራ ሆነ። እዚህ ላይ አሻሚው ውጤት ገና ከጅምሩ አብሮ ተወለደ። የከብት ሙቀት በድካም፣ በመውለድና በሌላ በሽታም ይለዋወጣል። በግልጽ ከፍ ካለውና ካልተነካው መካከል ምንጊዜም ጥቂት ላሞች ይቀራሉ፤ ጥቂት ከፍ ብለዋል፣ ነገር ግን የሚያሳምን ያህል አይደለም። በሌላ በኩል በሽታው እጅግ የጠናባት ላም ጭራሽ ምላሽ ላትሰጥ ትችላለች። በቅርቡ ቱበርኩሊን የተወጋች ላምም ለጊዜው ምላሿ ይደክማል፤ ይህን የተረዱ ነጋዴዎች ከሽያጭ በፊት ከብታቸውን አስቀድመው በመውጋት ገዢን ያታልሉ ነበር።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር የበሽታው ስፋት ነበር። ምርመራው በደንብ ሲሠራበት በብዙ የዴንማርክ መንጋዎች ከታሰበው በላይ ብዙ ላሞች ምላሽ ሰጡ፤ አብዛኞቹም ይበሉና ይታለቡ የነበሩ፣ መልካቸው ያማረ ከብቶች ናቸው። ምላሽ የሰጠውን ሁሉ ማረድ ማለት የአገሪቱን ቅቤ ማረድ ነው። ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ጥጆቹን ማስበላት ነው።

ባንግ በ1892 በመንግሥት ድጋፍ በሲየላንድ ቱሬቢሊሌ በተባለ እርሻ የጀመሩት ሙከራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አሳየ። መንጋው በሙሉ ይመረመራል። ምላሽ ያልሰጡት በአንድ ወገን፣ የሰጡት በሌላ ወገን ሆነው በግድግዳ ይለያሉ፤ ዕቃው፣ ከተቻለም ጠባቂው ይለያል። ግልጽ ሕመም የሚታይባቸው፣ በተለይም ግታቸው የተጎዳ፣ ይታረዳሉ። የቀሩት ምላሽ ሰጪዎች ግን ይኖራሉ፣ ይታለባሉ፣ ይወልዳሉም። የዘዴው ልብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ የታመመች ላም ጥጃ አብዛኛውን ጊዜ ጤናማ ሆኖ ይወለዳልና፣ እንደ ተወለደ ከእናቱ ተለይቶ በፈላ ወይም ከጤናማ ላም በታለበ ወተት ካደገ ንጹሕ መንጋ ከታመመው መንጋ ሊወጣ ይችላል። ጤናማው ወገን በየጊዜው እንደገና ይመረመራል፤ አዲስ ምላሽ የሰጠ ወደ ማዶ ይሻገራል። በዓመታት ውስጥ አንደኛው ወገን ያድጋል፣ ሌላው በእርጅናና በእርድ ይመነምናል።

ዘዴው ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ለታመሙት በሰጠው ዕድል ነው። እኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ ለአሻሚዎቹ ነበር እላለሁ። ምርጫው ማረድ ወይም መተው ብቻ በሆነበት ቦታ አሻሚ ውጤት መርማሪውን እንዲገምት ያስገድደዋል፤ ግምቱም ለባለቤቱ ኪስ ወይም ለጎረቤት ጥጃ ያደላል። መለየት ሲቻል ግን ውሳኔው ይለዝባል። አንዲት ላም ለጥቂት ወራት ከጤናማዎቹ ርቃ ብትቆይና በኋላ ነጻ ብትገኝ የጠፋው ጥቂት ድካም ነው፤ ታማ ብትገኝ ደግሞ የዳነው ብዙ ነው። ጊዜ ራሱ የምርመራው አካል ይሆናል። ዛሬ አሻሚ ላም ተለይታ ቢያንስ ከ42 ቀን በኋላ ዳግም ትመርመር የሚለው አሠራር በዚሁ አስተሳሰብ ላይ የቆመ ነው፤ የቀናቱ ቁጥርም ያለ ምክንያት አልተመረጠም፣ የቀደመው መርፌ ያደከመው ምላሽ እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሕጉ ሳይንሱን ፈጥኖ ተከተለ። መንግሥት ከ1893 ጀምሮ ለፈቃደኛ ገበሬዎች የቱበርኩሊን ምርመራን በገንዘብ ደገፈ። በ1898 የወጣው ሕግ ደግሞ ከቅቤ ቤት ለከብት መኖ የሚመለስ ወተትና አሬራ ሁሉ እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሞቅ አዘዘ። ትእዛዙ መፈጸሙን ማጣራት የተቻለው በዚያው ጊዜ ቪልሄልም ስቶርክ ባገኙት የቀለም ምርመራ ነው፤ ጥሬ ወተት ሰማያዊ ይሆናል፣ እስከ 80 ዲግሪ የሞቀው ግን ቀለሙን አይለውጥም። ለገበሬው ቃል ብቻ ያልተተወ ሕግ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በ1897 ባንግ ላሞችን የሚያስወርደውን ተላላፊ በሽታ ባክቴሪያ ከረዳታቸው ከስትሪቦልት ጋር ለይተው አወጡ። ዛሬ ብሩሴላ አቦርተስ የምንለው ነው፤ በብዙ አገር ስማቸው የሚነሣውም በዚሁ የተነሣ ነው።

ከባዱ ፈተና የመጣው ግን ከኮህ ነው። ታላቁ ሳይንቲስት በ1901 በለንደን ጉባኤ ላይ የከብቱና የሰው ነቀርሳ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ከከብት ወደ ሰው መተላለፉም እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ልዩ ጥንቃቄ እንደማያሻው ተናገሩ። የሁለቱን ባክቴሪያዎች ልዩነት አሜሪካዊው ቴዎባልድ ስሚዝ በ1898 አስቀድመው ስላሳዩ የንግግሩ ግማሽ ትክክል ነበር። ችግሩ መደምደሚያው ነው። በሰው ላይ አሻሚ የሆነ ማስረጃ ሲገጥማቸው ኮህ ጥንቃቄውን ሲያነሡ፣ ባንግ ከፈረንሳዩ ኖካርና ከብሪታንያዊው ማክፋድያን ወገን ቆመው ጥንቃቄው እንዲቀጥል ወሰኑ። ከ1901 እስከ 1911 የሠራው የብሪታንያ ንጉሣዊ ኮሚሽን የከብቱ ባክቴሪያ ሰውን፣ በተለይም ጥሬ ወተት የሚጠጡ ሕፃናትን፣ እንደሚያሳምም አረጋገጠ።

ዘዴው ድክመት አልነበረውም ማለት አይደለም። በፈቃድ ላይ የተመሠረተ፣ ቀርፋፋና ድካም የሚጠይቅ ነበር፤ ግድግዳውን ያላከበረ ገበሬ ዓመታት የፈጀበትን ሥራ በአንድ ክረምት ያፈርሳል። አሜሪካ በ1917 የመረጠችው መርምሮ በካሳ ማረድን ነው፤ ፈጣንም ነበር። ነገር ግን ያ መንገድ የሚያስኬደው ካሳ የሚከፍል ግምጃ ቤት ላለው ነው። ዴንማርክ ራሷ ከበሽታው የጸዳችው ባንግ በ1932 በኮፐንሃገን ካረፉ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ጠንከር ያለ እርምጃ ከተጨመረበት ወዲያ ነው።

በኢትዮጵያ ምላሽ የሰጠን ከብት በካሳ የሚያስወግድ አገር አቀፍ ሥርዓት የለም። በሽታው የውጭ ዝርያ ያላቸው የወተት ላሞች በተጠጋጉባቸው በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ እርሻዎች ጎልቶ ይታያል፤ ጥሬ ወተት መጠጣትም የተለመደ ነው። በመካከለኛው ኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች የ4 ሚሊሜትሩ መለያ ታማሚዎችን ያሳልፋል ተብሎ 2 ሚሊሜትር አብሮ ተሞክሯል፤ አሻሚው ክልል እንዲህ ሲጠብ ግን በስሕተት የምትፈረድባት ላም ቁጥር ከፍ ይላል። በ2007 በታተመ ጥናት ደግሞ በአንድ የወተት ከብት መንጋ ላይ ተደጋጋሚ የቆዳ ምርመራና መለየት ተሞክሮ የበሽታው ስርጭት ጎላ ብሎ ቀንሷል። ይህ በትልቅ እርሻ የተገኘ ውጤት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ላም በአንድ ጠባብ ጋጣ የሚያስር የከተማ ዳር አርቢ ግድግዳውን የሚያቆምበት ቦታ የለውም፤ ለእንዲህ ያለው አርቢ ጎረቤታሞች በጋራ የሚይዙት የመለያ በረት ይበጅ እንደሆነ፣ በዚያም ያሉት ላሞች ወተት በማን ቁጥጥር እንደሚፈላ ገና በመስክ መፈተን ያለበት ጉዳይ ነው።