የቤንዚኑን ልክ ያገኙት መሐንዲስ

ዛሬ የመንገደኞች አይሮፕላን አብራሪ የኃይል እጀታውን ወደ ፊት ሲገፋ፤ ነዳጁን መጥኖ ለሞተሩ የሚሰጠው ኮምፒዩተር ነው። የአየሩን ግፊትና ሙቀት፤ የሞተሩንም ፍጥነት እየለካ ያሰላል፤ ሞተሩ ሲነሣ ማቀጣጠያው መቼ ብልጭ እንደሚልም ያዛል። የፕራት ኤንድ ዊትኒ ሞተር በዚህ ዓይነት መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው በ1984 ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ቀድሞ ግን ይህን የመመጠን ሥራ የሚሠሩት ተንሳፋፊ፤ ሞላና ቀዳዳ ነበሩ። የአንዲት ቀዳዳ ስፋት የሰው ሕይወት የሚያድን መሆኑን ያሳዩትን የእንግሊዛዊቷን መሐንዲስ የቤአትሪስ ሺሊንግን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ሺሊንግ ማርች 8 ቀን 1909 በሐምፕሺር አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው ሥጋ ሻጭ ነበሩ። ገና በ14 ዓመታቸው ሞተር ብስክሌት ገዙ። ማርጋሬት ፓርትሪጅ ከተባሉ ሴት መሐንዲስ ዘንድ የኤሌክትሪክ ሥራ ከተለማመዱ በኋላ፤ በእኚሁ ሴት ምክር ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1932 ተመረቁ። በብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳም በሰዓት ከ100 ማይል በላይ፤ ይኸውም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው የወርቅ ኮከብ ተሸለሙ። ይህ እንደ ጨዋታ ቢቆጠርም፤ ሞተር ሲራብና ሲታፈን የሚያሰማውን ድምፅ ለጆሮ ያስተምራል ብለን እናምናለን። በ1936 በፋርንበሮ በሚገኘው የመንግሥት የአይሮፕላን ምርምር ተቋም ተቀጠሩ።

በ1940 ሐሪኬንና ስፒትፋየር የተባሉት የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላኖች የሚበሩበት የሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር አንድ ክፉ አመል ነበረበት። አብራሪው አፍንጫውን በድንገት ቁልቁል ሲደፋ፤ ሰውነቱ ከወንበሩ ለመነሣት እንደሚቃጣው ሁሉ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚንም ወደ ላይ ይሸሻል፤ ሞተሩም ለአንድ አፍታ ይራባል። የሚብሰው ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ተንሳፋፊው ሥፍራውን ስቶ መግቢያውን ስለሚከፍተው፤ ፓምፑ ባለ በሌለ ኃይሉ ቤንዚን ያጎርፋል። ያን ጊዜ ካንዴላው ብልጭ ቢልም የታፈነው ሞተር አይነድለትም፤ ጥቁር ጢስ ተፍቶ ይጠፋል። የጀርመኑ ሜሰርሽሚት ቤንዚኑን በፓምፕ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጭ ይህ ችግር አልነበረበትም። ስለዚህ ጀርመናዊው ቁልቁል ተወርውሮ ሲያመልጥ፤ እንግሊዛዊው እርሱን ለመከተል አስቀድሞ አይሮፕላኑን መገልበጥ ነበረበት። በውጊያ መካከል ይህች ቅጽበት ብዙ ናት።

አዲስ ካርቡራተር ሠርቶ ለሁሉ ለማዳረስ ጊዜ አልነበረም። የሺሊንግ መፍትሔ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ ሆነች። ቀዳዳዋ የተለካችው ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚፈጀውን ቤንዚን አሳልፋ ትርፉን እንድታግድ ነው። መጀመሪያ የልብስ ሰፊ የጣት ቆብ ትመስል ነበር፤ በኋላ እንደ ሮንዴላ ጠፍጣፋ ሆነች። በቤንዚኑ ቧንቧ ላይ ስለምትገጠም አይሮፕላኑን ከግዳጅ ማውጣት አላስፈለገም። በ1941 መጀመሪያ ሺሊንግ ከጥቂት ረዳቶች ጋር በየጦር አይሮፕላን ማረፊያው እየዞሩ አስገጠሟት። በ1938 ጆርጅ ኔይለርን አግብተው ወይዘሮ ቢሆኑም፤ አብራሪዎቹ ዕቃዋን በወይዘሪት ሺሊንግ ስም ጠሯት።

ፍጹም መድኃኒት ግን አልነበረችም። የመጀመሪያውን ረኃብ አላስቀረችም፤ ተገልብጦ ብዙ መብረርም አልተቻለም። መታፈኑን ግን አስቀረች፤ በግፊት የሚሠራው ካርቡራተር በ1943 እስኪደርስ ድረስም አገለገለች።

ሺሊንግ ከጦርነቱ በኋላም በዚያው ተቋም እስከ 1969 ድረስ ሠሩ፤ በትርፍ ጊዜያቸውም ከባለቤታቸው ጋር የእሽቅድምድም መኪና ይነዱ ነበር። ኖቬምበር 18 ቀን 1990 በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።