ስሙ መንገድ የሆነው አሥር አለቃ

በካናዳ ሰሜን፤ ከዳውሰን ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ ተነሥቶ፤ ተራራውንና ረግረጉን እያቋረጠ እስከ ኢኑቪክ የሚዘልቅ የጠጠር መንገድ አለ። ርዝመቱ 736 ኪሎ ሜትር ነው። በጋ በሆነ ጊዜ አልጋና ምድጃ በውስጡ የተሠራለትን፤ እንደ ቤት የሚኖሩበትን መኪና እየነዱ ብዙ አገር ጎብኚዎች በዚህ መንገድ ይጓዛሉ። ቀኑን ሲነዱ ይውሉና ማታ ከወንዝ ዳር አቁመው፤ እዚያው መኪናቸው ውስጥ ራታቸውን ሠርተው ያድራሉ። ነገር ግን ሰፈር ከሰፈር እጅግ የተራራቀበት፤ ነዳጅ የሚሸጥበትም ቦታ በጣት የሚቆጠርበት አገር ስለሆነ፤ አስተዋይ መንገደኛ ትርፍ ጎማና ትርፍ ስንቅ ሳይዝ አይነሣም። ይህ መንገድ ዴምፕስተር ይባላል። ዴምፕስተር የሰው ስም ነው፤ የሰውዬውን ታሪክ የሚያውቅ ግን ትርፍ ስንቅ መያዝ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አብሮ ያውቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ዊልያም ዴምፕስተር በ1876 በዌልስ አገር ተወለደ። በ1897 በወጣትነቱ ወደ ካናዳ የሰሜን ምዕራብ ፈረሰኛ ፖሊስ ሠራዊት ገባ። በዚያን ጊዜ በዩኮን ምድር ወርቅ ተገኝቷል ተብሎ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፍ ስለነበር፤ ዴምፕስተርም በ1898 ሥርዓት እንዲያስከብር ወደዚያው ተላከ። ወርቁን ፍለጋ የመጡት አብዛኞቹ ወዲያው ተመለሱ፤ እርሱ ግን የሥራ ዘመኑን በዚያ አሳለፈ።

ከፖሊሶቹ ሥራ አንዱ ፖስታ ማድረስ ነበር። በየክረምቱ፤ ወንዞቹ ድንጋይ በሆኑበት ወራት፤ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ በዳውሰንና በፎርት ማክፈርሰን መካከል ያለውን 765 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ያቋርጣሉ። ጉዞው አንድ ወር ያህል ይፈጃል። መንገድ ሲባልም በምድር ላይ የተሠመረ ነገር አልነበረም፤ የትኛውን ጅረት ይዞ ወጥቶ በየትኛው መውረድ እንደሚገባ በልብ ማወቅ ነበር እንጂ። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት ደግሞ ከጥንት ጀምሮ አገሩን እያደኑ የኖሩት የግዊችን ተወላጆች ናቸው። በዚህ ሥራ ብዙ የተመላለሰው ዴምፕስተርም ከእነርሱ ጋር እየተጓዘ መንገዱን ከሚያውቁት ፖሊሶች አንዱ ለመሆን በቃ።

በ1910 ክረምት የፖስታው ጉዞ ከፎርት ማክፈርሰን ወደ ዳውሰን እንዲሆን ታዘዘ። አዛዡ ኢንስፔክተር ፍራንሲስ ፊትዝጀራልድ ነበር። ይህ ሰው ደፋርና የተመሰገነ መኮንን ሲሆን፤ በተከታዩ ዓመት ለንደን ላይ በንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል እንዲገኝ ተመርጦ ነበር። ታኅሣሥ 21 ቀን ከኮንስታብል ኪኒና ከኮንስታብል ቴይለር፤ እንዲሁም ቀድሞ ፖሊስ ከነበረው ካርተር ጋር 15 ውሾች ይዞ ተነሣ። ፈጥኖ ለመድረስ ስለፈለገ ጭነቱን አቀለለ፤ ስንቁንም ቀነሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እርሱ ግን ለመልቀም እንኳ ጊዜ አላገኘም።

ጥቂት ቀን እንደተጓዙ ኤሳው ጆርጅ የሚባል የግዊችን ሰው መንገድ መራቸው። ጥር 1 ቀን 1911 ግን ፊትዝጀራልድ ደመወዙን ሰጥቶ አሰናበተው። ካርተር መንገዱን ያውቃል ብሎ ተማምኖ ነበር። ካርተር በዚያ ያለፈው አንድ ጊዜ ብቻ፤ ያውም ከዓመታት በፊት፤ ከዳውሰን ወደ ማክፈርሰን በሚወስደው አቅጣጫ ነው። በመጡበት ሲመለሱ አገሩ ሌላ እንደሚመስል መንገደኛ ሁሉ ያውቃል። በበረዶ የተሸፈነ ጅረት ደግሞ አንዱ ከሌላው አይለይም። ፎረስት የሚባለውን ጅረት መግቢያ ብዙ ቀን ፈልገው አጡት። ብርዱ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ነበር። ጥር 18 ቀን ወደ ኋላ ለመመለስ ሲወስኑ ስንቃቸው ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ውሾቻቸውን እየገደሉ በሉ፤ ውሻው ባነሰ ቍጥር ጕዞው ይዘገያል፤ ጕዞው በዘገየ ቍጥር ሌላ ውሻ ይበላል።

በየካቲት ወር ኤሳው ከወገኖቹ ጋር ዳውሰን ደረሰ። እንግዶቹን ከተለየ ብዙ ሳምንት አልፎት ነበርና፤ ፖሊሶቹ አለመድረሳቸው ሲሰማ ሁሉም ደነገጠ። አሥር አለቃ ዴምፕስተር እንዲፈልጋቸው ታዝዞ የካቲት 28 ቀን ተነሣ። ከሁለት ነጭ ባልደረቦቹ ጋር፤ ቻርሊ ስቱዋርት የሚባል የግዊችን መሪ ይዞ ወጣ። በማዕረግ ከፊትዝጀራልድ ያንስ ነበር፤ ብርዱና አስቸጋሪው አገርም ያው ነው። ልዩነቱ አገሩን የሚያውቀውን ሰው እስከ መጨረሻው ከጎኑ አለማራቁ ነው።

ፍለጋውን ያነበበው ከሰፈሮቹ ነው። ሰዎቹ ያደሩባቸው ቦታዎች እየተቀራረቡ ሲሄዱ ጕልበታቸው እየደከመ መሄዱን አወቀ። የውሻ አጥንትም አገኘ። በአንድ ጎጆ ውስጥ የፖስታው ከረጢት ተጥሎ ባየ ጊዜ ተስፋው ቀነሰ፤ ፖሊስ በሕይወት ሳለ አደራውን በመንገድ አይጥልምና። መጋቢት 21 ቀን የኪኒንና የቴይለርን አስከሬን፤ በማግስቱም የካርተርንና የፊትዝጀራልድን አገኘ። ፊትዝጀራልድ የወደቀው ከፎርት ማክፈርሰን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ነው። በአንዲት ቍራጭ ወረቀት ላይ በከሰለ እንጨት ኑዛዜውን ጽፎ ያለውን ሁሉ ለእናቱ ትቶ ነበር። አራቱም በፎርት ማክፈርሰን ተቀበሩ።

ዴምፕስተር በዚህ ጉዞ ዝናው በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ እርሱ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ። ከአደጋው በኋላ በመንገዱ ላይ ምልክትና ማረፊያ ጎጆ እንዲደረግ፤ ስንቅም እንዲቀመጥ ሆነ። ሠራዊቱን 37 ዓመት አገልግሎ፤ እስከ ኢንስፔክተርነት ማዕረግ ደርሶ በ1934 ጡረታ ወጣ። በ1964 በቫንኩቨር ከተማ ዐረፈ።

በስሙ የተጠራው መንገድ ሥራ በ1959 ተጀምሮ፤ መካከል ላይ ተቋርጦ፤ በ1979 ተፈጸመ። ከሥሩ ያለው ምድር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ስለሆነ፤ ሙቀት ወርዶ እንዳያቀልጠው ጠጠሩ በወፍራሙ ተደልድሏል፤ በረዶው ቢቀልጥ መንገዱ ይሰምጣልና። ይህም ቢሆን አገሩን ከማወቅ የተገኘ ብልሃት ነው። በ2017 ደግሞ ከኢኑቪክ እስከ ሰሜን ውቅያኖስ ዳርቻ፤ እስከ ቱክቶያክቱክ የሚወስደው መንገድ ተከፈተ።

ፊትዝጀራልድ ሰነፍ አልነበረም፤ ፈሪም አልነበረም። የጎደለው ለአንድ የአገሬው ሰው የጥቂት ሳምንት ደመወዝ መክፈልና እርሱን መከተል ብቻ ነው። የተማረ ወጣት ወደማያውቀው አገር በሹመት ሲላክ ካርታ፤ ደብዳቤና ማኅተም ይዞ ይሄዳል። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን ጅረቱን ከጅረት አይለዩለትም። በዚያ ያለው ሽማግሌ ወይም እረኛ ይለይለታል፤ ሹሙ ዝቅ ብሎ ከጠየቀው። ዴምፕስተር ጠየቀ፤ ስለጠየቀም ደረሰ።