ፍራንሲስ ፓወር ኮብ፦ የላቦራቶሪውን በር ያንኳኳች ጋዜጠኛ

መምህራችን ከሞቱ መቶ ዓመት ያለፋቸውን ጋዜጠኞች ሕይወት እንድንጽፍ ሲያዙን ክፍሉ ውስጥ ሽሚያ ሆነ። ታዋቂ ታዋቂዎቹን ፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ተቀራመቷቸው። እኔ እንደ ልማዴ አርፍጄ ስገባ የቀረችኝ ከዝርዝሩ ግርጌ ያለች፣ ስሟን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት የአየርላንድ ሴት ነበረች። በጊዜው ቅር አለኝ። በኋላ ሳነብ ግን በዘመኗ ሚኒስትሮችና ጳጳሳት ደብዳቤዋን የሚመልሱላት፣ ቻርልስ ዳርዊንን የመሰለ ሰው በጋዜጣ የተሟገተች ስመ ጥር ጸሐፊ ሆና አገኘኋት። ያላወቅኋት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዕድሜ ደግሞ ለአያቴም አያት የምትሆን ብትሆንም እሳቸው ማለቱን ትቼ እሷ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ በሙያ ባልደረባዬ ናትና አትቀየመኝም።

ኮብ የተወለደችው ዲሴምበር 4 ቀን 1822 ደብሊን ውስጥ ነው። ከአራት ወንድ ልጆች በኋላ የመጣች ብቸኛ ሴት ልጅ ነበረች። ያደገችው ከደብሊን በስተሰሜን በሚገኘው ኒውብሪጅ በተባለው የቤተሰቡ ትልቅ ቤት ሲሆን አባቷ ባለ ርስት ነበሩ። ብራይተን ወደሚገኝ የሴቶች ትምህርት ቤት ተልካ ለሁለት ዓመት አንድ ሺህ ፓውንድ ተከፈለላት፤ ዋናው ትምህርት ግን ሙዚቃና ዳንስ ስለነበር ገንዘቡ ሜዳ ላይ እንደተበተነ ነው የቆጠረችው። ግሪክኛና ጂኦሜትሪ የተማረችው ቤት ከተመለሰች በኋላ ነው። እናቷ በ1847 ሲሞቱ እሷ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት መጠራጠር ጀምራ ነበር። ይህንን ለአባቷ በግልጽ ስትነግራቸው ከቤት አስወጥተው ገጠር ወዳለ ወንድሟ ሰደዷት፤ ዓመት ገደማ ቆይተውም መልሰው ጠሯት። በ1857 አባትዬው ሲሞቱ ቤቱ ለታላቅ ወንድሟ ሆነ፣ ለእሷ በዓመት ሁለት መቶ ፓውንድ ተቆረጠላት። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ባል የለ፣ ቤት የለ። ሻንጣዋን ይዛ ብቻዋን ጣሊያንን፣ ግብፅንና ኢየሩሳሌምን ዞረች።

ከዚያ ብሪስቶል ገብታ በጥፋተኛ ልጃገረዶች ማረሚያ ቤት ሠራች። ቁርጭምጭሚቷ ተጎድቶ ለዓመታት በክራንች እስክትሄድ ደረሰች፤ ከልጆቹ ጋር መሯሯጡ ሲቀር መጻፉ ዋና ሥራዋ ሆነ። በ1862 ሴቶች የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይሰጣቸው ብላ ስትከራከር ጋዜጦቹ ተሳለቁባት። እሷ ግን ከጋዜጦች አልራቀችም፤ ይልቁንም ገባችባቸው። ዘ ኤኮ የተባለው ባለ ግማሽ ፔኒ የማታ ጋዜጣ በ1868 ለንደን ላይ ሲጀመር በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ቢሮ እየገባች ርዕሰ አንቀጽ ትጽፍ ጀመር። እስከ 1875 ድረስ ከአንድ ሺህ በላይ ጽፋለች። እኛ ለአንድ ርዕሰ አንቀጽ ሁለት ሳምንት ጊዜ ይጨመርልን ብለን የምንለምን ሰዎች ይህን ቁጥር ቆም ብለን ብናየው ጥሩ ነው። ሴት በጋዜጣ ቢሮ ውስጥ የራሷ ክፍል ኖሯት በደመወዝ ስትሠራ ማየት በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር።

የእንስሳቱ ጉዳይ ከዚህም ይቀድማል። ማደንዘዣ ገና እየተለመደ ባለበት በዚያ ዘመን የአካልን አሠራር የሚያጠኑ ሐኪሞች ሕይወት ያላቸውን ውሾች፣ ጥንቸሎችና እንቁራሪቶች እየቀደዱ ይመራመሩ ነበር። ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የአልፎር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪዎች እጃቸውን የሚያፍታቱት በቁም ፈረስ ላይ ነበር፤ በአንድ ፈረስ ላይ ብዙ ቀዶ ሕክምና ይደራረብበታል። ኮብ በ1863 ይህን የሚነቅፍ ረዥም ጽሑፍ አወጣች። በዚያው ዓመት ፍሎረንስ ሳለች ሞሪትዝ ሺፍ በተባለው ተመራማሪ ላይ የተቃውሞ ፊርማ አሰባስባ ከ700 ሰው በላይ አስፈርማለች። ልብ በሉ፣ በዚህን ጊዜ ምርምሩ ጨርሶ ይቅር አላለችም። ሕመም የሌለበትን ሙከራ ትቀበላለች። የፈለገችው ተቆጣጣሪ ነው።

በ1874 በኖርዊች ከተማ የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር ሲሰበሰብ ማኛን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሁለት ውሾች ደም ሥር አልኮልና አብሳንት ወጋ። አዳራሹ ውስጥ ጠብ ተነሣ። የእንስሳት ጭካኔን የሚከላከለው ንጉሣዊ ማኅበር ክስ መሠረተ፣ ማኛን ግን አገሩ ገብቶ ነበር፤ የተከሰሱት እንግሊዛውያንም በሥራው መሳተፋቸው ስላልተረጋገጠ ነፃ ተለቀቁ። ኮብ ከዚህ የተረዳችው ነባሩ ሕግ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደማይገባ ነው። በጃንዋሪ 1875 ቴኒሰን፣ ብራውኒንግና ካርላይል ሳይቀሩ የፈረሙበትን አቤቱታ ይዛ ያንኑ ማኅበር ሕግ አስወጡልኝ አለችው። ማኅበሩ አንገራገረ። እሷም በራሷ መንገድ ሄደች። በሜይ ወር ወዳጆቿ ለሎርዶች ምክር ቤት ረቂቅ አቀረቡ፤ ሳይንቲስቶቹም ወዲያው ለስለስ ያለ የራሳቸውን ረቂቅ በታችኛው ምክር ቤት በኩል አስገቡ፤ ከደጋፊዎቹ አንዱ ዳርዊን ነበር። መንግሥት ሁለቱንም አቆይቶ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ።

ኮሚሽኑ ፊት ከቀረቡት መካከል ኢማኑኤል ክላይን የተባለው ተመራማሪ ማደንዘዣ የሚጠቀመው በዋናነት እንስሳው እንዳይነክሰውና እንዳይቧጭረው መሆኑን፣ ስለ ሕመሙ ግን እንደማይጨነቅ ሳያፍር ተናገረ። ኮብ በርዕሰ አንቀጿ ዓመታት ሙሉ ልታሳምነው ያልቻለችውን ሰው ክላይን በአንድ ቀን አሳመነላት ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በ1875 መጨረሻ ከጆርጅ ሆጋን ጋር ሆና ማኅበሯን መሠረተች። ሆጋን ራሱ ሐኪም ነው፤ በፓሪሱ ክሎድ በርናር ላቦራቶሪ አራት ወር ሠርቶ ያየውን ለጋዜጣ የጻፈ ሰው ነው።

ሕጉ ኦገስት 15 ቀን 1876 ጸደቀ። በመንግሥት ስም የእንስሳት ምርምርን የሚቆጣጠር የመጀመሪያው ሕግ እንደሆነ ይነገርለታል። ጽሑፉን ሳነበው በጣም የገረመኝ ዝርዝሩ ነው። አከርካሪ ባለው እንስሳ ላይ የሚያሳምም ሙከራ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ፈቃድ ያወጣል። ሙከራው አዲስ እውቀት ለማግኘት ወይም ሕይወትን ለማዳን መሆን አለበት። እንስሳው ይደነዝዛል፤ ሲነቃ ሕመም የሚቀጥልበት ከሆነ ሳይነቃ ይገደላል። ለሕዝብ ትርዒት ተብሎ ማድረግ ክልክል ነው። ኢንስፔክተር ቦታውን ይጎበኛል። የሚጥስ በመጀመሪያው እስከ 50 ፓውንድ፣ በሁለተኛው እስከ 100 ፓውንድ ወይም ሦስት ወር እስራት። ኩራሬ የተባለው መርዝ እንደ ማደንዘዣ አይቆጠርም ተብሎ ለብቻው በአንቀጽ ተጽፏል፤ ምክንያቱም ኩራሬ ጡንቻን ያሽመደምዳል እንጂ ስሜትን አያጠፋም፣ እንስሳው ዝም የሚለው መጮኽ ስለማይችል ነው።

ታዲያ ኮብ ለምን አልተደሰተችም? ረቂቁ ሲቀርብ ከዚህ የጠበቀ ነበር፤ ውሻና ድመትን ጨርሶ ከሙከራ ያወጣ ነበር። ሐኪሞች በብዛት ሆነው ሚኒስትሩ ዘንድ ሄዱና በየአንቀጹ ቀዳዳ አስከፈቱበት። ልዩ የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ያለ ማደንዘዣ መሥራት ይችላል፣ እንስሳው ከነቃ በኋላም ማቆየት ይችላል። ማመልከቻውን የሚፈርሙት የሐኪሞችና የሳይንስ ማኅበራት ፕሬዚዳንቶች ናቸው። ፈቃድ ያለውን ሰው ለመክሰስ ደግሞ የሚኒስትሩ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። በ1882 ተመራማሪዎቹ ያቋቋሙት ማኅበር ማን ፈቃድ ይሰጠው የሚለውን ሚኒስትሩን ማማከር ጀመረ። ለኮብ ይህ ጅብን የአህያ እረኛ ማድረግ ነበር። ከ1878 ጀምሮ ማኅበሯ ሙሉ በሙሉ ይታገድ ወደሚል አቋም ተሻገረ።

እዚህ ላይ እኔና እሷ እንለያያለን። በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ውሻ ነክሶኝ እናቴ በየቀኑ ጤና ጣቢያ እየወሰደችኝ ሆዴን ተወግቻለሁ። የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ፓስተር በ1885 ሰው ላይ የሞከረው በጥንቸሎች አከርካሪ አዘጋጅቶ ነው፤ እኛም አገር ለብዙ ዓመታት ክትባቱ ይሠራ የነበረው ከበግ አንጎል ነው። ኮብ የፓስተርን ሥራ አጥብቃ ተቃውማለች። በእሷ ፍርድ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፍ አይመስለኝም። ስለ በጎቹ ግን እስከዚህ ሥራ ድረስ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም፤ እሱንም የምናገረው ደስ እያለኝ አይደለም።

አሁን ወደ ሙያችን። በ1881 የኮብ ማኅበር ፌሪየር የተባለውን የአንጎል ተመራማሪ ያለ ፈቃድ ዝንጀሮዎችን ቀዷል ብሎ ከሰሰ። መነሻው በሕክምና መጽሔቶች ላይ የወጣ የስብሰባ ዘገባ ነው። ፍርድ ቤት ሲደረስ ቀዶውን ያከናወነው ፈቃድ ያለው ባልደረባው ይኦ ነው ተባለ፤ ክሱም ወደቀ። ሌላ ሰው በጻፈው ዘገባ ላይ ተማምኖ መክሰስ ምን እንደሚያመጣ ያን ቀን መታወቅ ነበረበት። አልታወቀም። በ1892 የተመራማሪዎችን የራሳቸውን ሪፖርቶች ቀንጭቦ የሚያቀርብ መጽሐፍ በእሷ ሐሳብና መግቢያ ታተመ። ቅንጨባውን የሠራችው ሌላ ሴት ናት። ቪክቶር ሆርስሊ የተባለው ቀዶ ሐኪም መጽሐፉን ከዋናዎቹ ጽሑፎች ጋር አመሳክሮ፣ ፎክስተን ላይ በተደረገ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በሕዝብ ፊት አጋለጣት፤ በብዙ ሙከራዎች ላይ ዋናው ጽሑፍ ማደንዘዣ መሰጠቱን ሲናገር ቅንጨባው ያንን ዘሎታል። ክርክሩ ወደ ጋዜጦች ወጣ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በሚቀጥለው ዓመት ታርሞ ወጣ። ሐሰተኛ የሚለው ስም ግን አልተሰበሰበም።

ሆን ብላ ዋሸች ብዬ አላምንም፤ ያነበብኩት ሁሉ የሚያሳየኝ ያላነበበችውን ነገር በስሟ ማውጣቷን ነው። ሌሎችን የሚያይ ዓይን ይቀመጥ ብላ ዕድሜዋን የጮኸች ሴት የራሷን ጽሑፍ የሚያይ ሰው አላስቀመጠችም። ይህን ሳነብ ሆዴ ባር ባር አለ፤ አምና ጓደኛዬ የሰጠኝን ወረቀት ሳላጣራ ከሥሩ ስሜን ጽፌ አስረክቤ ነበርና።

ከ1884 ጀምሮ ኮብ የኖረችው ዌልስ ውስጥ፣ ከቀራፂዋ ሜሪ ሎይድ ጋር ነው። ሁለቱ ከ1860ዎቹ ጀምሮ አንድ ቤት ኖረዋል። ሎይድ በ1896 ሞተች። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ራሷ የመሠረተችው ማኅበር እገዳውን በአንዴ ከመጠየቅ ቀስ በቀስ እናሻሽል የሚል ውሳኔ አሳለፈ። ያኔ ሰባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጥላው ወጥታ በዚያው ዓመት ብሪስቶል ላይ አዲስ ማኅበር አቋቋመች። ቀስ በቀስ ከሚሉት ወገን ነኝ፣ ግን በዚያ ዕድሜ ከዜሮ መጀመሯን ሳስበው ባርኔጣ ቢኖረኝ አወልቅላት ነበር። የናቀችው የ1876 ሕግ ለ110 ዓመት ሥራ ላይ ቆይቶ በ1986 በሌላ ሕግ ተተካ፤ አዲሱም ፈቃዱንና ኢንስፔክተሩን አልተወም፣ እንስሳው የሚደርስበት ጉዳት ከሚገኘው ጥቅም ጋር ይመዘን የሚል ጨመረበት።

ኮብ ኤፕሪል 5 ቀን 1904 ዌልስ ውስጥ በቤቷ አረፈች። በሕይወቷ አንድ ብርቱ ፍርሃት ነበራት፤ ሳትሞት ሞታለች ተብላ እንዳትቀበር። ስለዚህም ሐኪሟ ከመቀበሯ በፊት የአንገቷን ደም ሥሮች ቆርጦ መሞቷን እንዲያረጋግጥ በኑዛዜዋ አዝዛ ነበር። ላኔልቲድ በተባለች መንደር፣ ከሜሪ ሎይድ ጋር ተቀበረች።