ከአዲስ አበባ እስከ ጌርኒካ፦ የጋዜጠኛው ጆርጅ ስቲር ሕይወት

ጆርጅ ስቲር እ.ኤ.አ. በ1909 በደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን ከተማ ተወለደ። አባቱም የጋዜጣ ሰው ነበሩ። በኦክስፎርድ ትምህርቱን ጨርሶ ገና የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ የለንደኑ ዘ ታይምስ ጋዜጣ የኢጣልያን ወረራ ዋዜማ እንዲዘግብ በ1935 ወደ አዲስ አበባ ላከው።

በዚያ ጦርነት የኢጣልያ አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ ሲያዘንቡ የሮም መንግሥት ድርጊቱን ይክድ ነበር። ስቲር ግን ስለ ጋዙና ስለ ቁስለኞቹ ጻፈ። የአውሮፓ አንባቢ አወቀ፤ መንግሥታቱ ግን አልተንቀሳቀሱም። ኢጣልያኖች አዲስ አበባን እንደያዙ በግንቦት 1936 ከአገር አባረሩት።

በቀጣዩ ዓመት በስፔን ባስክ ምድር ነበር። ሚያዝያ 26 ቀን 1937፣ ሰኞ የገበያ ቀን፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ጌርኒካን ደበደቡ። ስቲር የዚያኑ ሌሊት ከቢልባኦ ተነሥቶ ገና በምትነደው ከተማ ገባ፤ የጀርመን ምልክት ያለባቸውን የተቀጣጣይ ቦምብ ቀፎዎችም አገኘ። የፍራንኮ ወገን ከተማዋን ያቃጠሏት ባስኮች ራሳቸው ናቸው ሲል፣ ያን ክህደት ያከሸፈው በአመዛኙ ይህ ማስረጃ ነው። ዘገባው ሚያዝያ 28 በለንደንና በኒው ዮርክ ታተመ። በዘ ታይምስ ላይ ስሙ እንኳ አልሰፈረም፤ ዓለምን ያስደነገጠው ጽሑፍ የልዩ ዘጋቢ ተብሎ ብቻ ወጣ። ፒካሶ ታላቁን ሥዕሉን የጀመረው ይህ ወሬ ፓሪስ በደረሰ ሰሞን ነበር።

ለኢትዮጵያውያን ግን ሌላም ውለታ አለው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ሳሉ በ1940 በለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የልጁ የክርስትና አባት ሆኑ። በዚያው ዓመት ስቲር የእንግሊዝ ጦር መኮንን ሆኖ በካርቱም የቅስቀሳውን ክፍል መራ። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለባቸው የአማርኛ በራሪ ወረቀቶች ከአውሮፕላን ተበተኑ፤ «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣም ይታተም ነበር። በኢጣልያ ሥር ይዋጉ ከነበሩት የአገሬው ወታደሮች ብዙዎቹ ከድተው ወጡ። በከረን ግንባር ደግሞ በድምፅ ማጉያ ተናገራቸው። እዚህ ላይ ዘጋቢነቱ ቀርቶ ተዋጊ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች አንድ አይደሉም፤ እሱም አንድ ናቸው ብሎ አልሸሸገም።

ስቲር ወደ በርማው ጦርነት ተዛውሮ ሳለ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1944 በሕንድ ምድር ይነዳው የነበረው ጂፕ ተገልብጦ ሞተ። ዕድሜው 35 ዓመት ነበር። ባስኮች ስሙን አስቀርጸው የሰጡትን የወርቅ ሰዓት በእጁ አስሮ ነበር።