አድዋን ያሸነፉት ንጉሥ በስትሮክ ተረቱ

አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም አንጎለላ ተወለዱ፤ በ1888 አድዋ ላይ ድል አደረጉ። በጥቅምት 1902 ግን ከባድ ስትሮክ መታቸው፤ አንደበታቸው ተያዘ። የውጭ ሐኪሞች ቢያክሟቸውም አልዳኑም፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 አረፉ።

ስትሮክ ምን ያደርጋል? ደም የተቋረጠበት የአንጎል ሴል ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ያለልክ ይለቃል። ጎረቤት ሴሎች ዕረፍት አጥተው ይነቃቃሉ፣ ካልሲየም ይጎርፍባቸዋል፣ ይሞታሉ። ጉዳቱ በየደቂቃው ይሰፋል።

እኛ ጋ፣ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ፣ ከሩቅ ቀበሌ በሽተኛ ተሸክሞ መኪና መንገድ መድረስ ራሱ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ፊቱ በድንገት የተጣመመ፣ እጁ የዛለ፣ ምላሱ የተሳሰረ ሰው ካያችሁ ምች ነው ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት!