አፄ ቴዎድሮስና የዕጣ ፈንታ ጥያቄ

በ1860 ዓ.ም. ከቦምቤይ የተነሡ የእንግሊዝ መርከቦች ወታደርና መድፍ፣ በቅሎና ዝሆን ጭነው በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ዙላ ወደብ አለፉ። ዛሬ ናጋድ ላይ ከባቡር ወርዶ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚያመራ ኢትዮጵያዊ፣ የመቅደላ ዘመቻ ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ማለፉን ቢያስታውስ መልካም ነው።

የጥንት ግሪክ ባለ ቅኔዎች የሰው ልጅ ከዕጣ ፈንታው ጋር የሚያደርገውን ትግል በመድረክ ያሳዩ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሶፎክልስ በአቴና የጦር አዛዥነት ጭምር ያገለገለ ሰው ነው። በድርሰቱ ውስጥ ንጉሥ ኤዲፐስ አባቱን እንደሚገድል የተነገረበትን ትንቢት ሲሸሽ፣ ሽሽቱ ራሱ ከትንቢቱ ፍጻሜ አደረሰው። የአገራችን ታሪክ ደግሞ ትንቢትን ሳይሸሽ ወደ ትንቢቱ የገሠገሠ ንጉሥ አስገኝቷል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይንቋቸው ነበር። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የግብፅ መድፍ ሠራዊታቸውን ሲፈጀው፣ ጀግንነት ብቻውን መሣሪያን እንደማይተካ ተረዱ። በሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው እዚያው በደረስጌ ማርያም ነገሡ። ሲነግሡም ፍካሬ ኢየሱስ በፍትሕና በሰላም ይገዛል ያለውን የቴዎድሮስን ስም ወሰዱ።

ስሙ ከባድ ሸክም ነበር። ትንቢቱ የሰላም ንጉሥ ሲል፣ ንጉሡ ዘመናቸውን በዘመቻ ጨረሱ። ልባቸውን የሚያለዝቡ እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ። ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤልም ተከታትለው ሞቱ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን በተራራ ላይ እያስጎተቱ መቅደላ ሲደርሱ፣ አብዛኛው ሠራዊት ከድቷቸው ነበር።

በጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ እህልና ውሃ የጠየቁ እስረኞች ጩኸት አስቆጥቷቸው ከመቶ የሚበልጡ ሰዎችን ወደ ገደል አስወረወሩ። በማግስቱ በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬና 700 ያህል ወታደሮች ወደቁ። በፋሲካ ዕለት ለጄኔራል ናፒየር የዕርቅ ከብት ላኩ፤ ስጦታው የተቀበለ መስሏቸው የቀሩትን አውሮፓውያን ለቀቁ። ከብቱ አለመቀበሉን ሲሰሙ ያለቀ ነገር መሆኑን ዐወቁ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ የመቅደላ በር ሲሰበር፣ ከንግሥቲቱ በስጦታ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ሕፃኑ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በባዕድ አገር ሞተ።

እንግዲህ ዕጣ ፈንታቸው ነበርን? መልስ ያጣው ደብዳቤና የጠላት መሣሪያ ብልጫ ከአንድ ሰው ዐቅም በላይ ስለነበሩ ዕጣ ፈንታ ሊባሉ ይችላሉ። የገደሉ ጉዳይ ግን የእጅ ሥራ ነው፤ ትንቢትም ሆነ ጠላት አላዘዘውም። ሶፎክልስም ኤዲፐስን በዕድሉ አመካኝቶ አልሸሸገውም፤ እውነቱን ባወቀ ጊዜ ዐይኖቹን በገዛ እጁ ያጠፋ ንጉሥ አድርጎ አሳየው።

አፄ ቴዎድሮስን መውደድ በደላቸውን መሸፈን አይደለም። ለባዕድ እጅ ያልሰጡት ንጉሥና መሣሪያ የሌላቸውን እስረኞች ያስፈጁት ንጉሥ አንድ ሰው ናቸው። መሣሪያ የያዘ ሁሉ ይህን ሊያስብ ይገባዋል፤ ሽንፈት ከሰው ዐቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ በእጁ የወደቀውን ሰው መማር ግን መቼም ከዐቅሙ በላይ አይሆንም።